በስምንት ሺህ ብር የታሰረው የደላንታ ልጅ

ጉዳዩ ትንሽ ነው። ዜና አይሆንም። ሃያ ሦስት ዓመት የሆነው የቀን ሠራተኛ ደሴ ላይ ከሚሠራ ሕንፃ ብረት ሰረቀ ተብሎ ተያዘ። ፖሊስ ብረቱን 3,800 ብር ገመተው። ፍርድ ቤቱ በ8,000 ብር ዋስ እንዲወጣ ፈቀደለት። ስምንት ሺው ስላልተገኘ ስድስት ወር ታሰረ። ይህ ሁሉ ሲሆን አሠሪው ለልጁ 4,500 ብር ደመወዝ አልከፈለውም ነበር። ሂሳቡን እናንተው አስሉት።

እኔ ፍርድ ቤት በር ላይ ራፖር ጸሐፊ ነኝ። ጠበቃ አይደለሁም፤ ሰው ብሶቱን ይነግረኛል፣ እኔ ወደ ማመልከቻ እቀይረዋለሁ። የልጁ እናት ማመልከቻ ሊያስጽፉ መጥተው ነው ነገሩን ያወቅኩት። ከዚያ በኋላ ወረቀታቸውን ሁሉ የጻፍኩት እኔ ስለሆንኩ ጉዳዩን ከነዝርዝሩ አውቀዋለሁ። የማንንም ስም አልጠራም፤ የልጁንም፣ የኮንትራክተሩንም፣ የችሎቱንም። ክፉ ሰው ፍለጋ ከወጣችሁ እዚህ አታገኙም። ፖሊሱም፣ ዐቃቤ ሕጉም፣ ዳኛውም ሕጉ ያለውን ነው ያደረጉት። የሚያናድደኝም ይኸው ነው።

ልጁ የደላንታ ሰው ነው። ከደሴ በኩታበር አድርገህ፣ በሽሎን ወርደህ ወጥተህ የምትደርስበት ደጋ። ገብስና ምስር ይዘራል፣ በግ ይረባል። አባቱ ሞተዋል። እናቱና ሁለት ታናናሽ እህቶቹ አንድ በሬ አላቸው። ሌላውን በሬ ከጎረቤት በመቀናጆ እያገኙ ነው የሚያርሱት። መቀናጆ ማለት ደግሞ ተራ መጠበቅ ነው፤ ያንተ መሬት የሚታረሰው የጎረቤትህ ካለቀ በኋላ ነው፣ ዝናቡ ደግሞ ተራህን አይጠብቅልህም።

እዚያው ደላንታ፣ ወገል ጤና ላይ ኦፓል የሚባል የከበረ ድንጋይ ከተገኘ በኋላ፣ ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮ ማለት ነው፣ የአካባቢው ወጣት ገደል እየቦረቦረ ድንጋይ ሲያወጣ ኖሯል። ይሄኛውም ሞክሯል። ዋሻው እየተደረመሰ ሰው ይቀብራል። ድንጋዩ ሲገኝም ዋጋውን የሚያውቀው ደላላው ነው። ተወውና ደሴ ወረደ። ጊዜው ከጦርነቱ በኋላ ነው። ከተማዋ በጥቅምት 2014 ተይዛ በኅዳር መጨረሻ ነው የተለቀቀችው፤ ከዚያ በኋላ የፈረሰው ሲጠገን፣ የቆመው ሲቀጥል የቀን ሥራ ትንሽ ትንሽ ይገኝ ነበር። በቀን 250 ብር፣ ክፍያ በየአሥራ አምስት ቀኑ።

አንድ ጊዜ ተከፈለው። ሁለተኛው ላይ ፎርማኑ «ክፍያ አልተለቀቀልንም፣ ታገሡ» አለ። እውነቱን ነው። ሲሚንቶ ዋጋው ሰማይ ነክቶ ነበር፣ የሕንፃው ባለቤት ለኮንትራክተሩ አልከፈለም፣ ኮንትራክተሩ ለፎርማኑ አልሰጠም፣ የመጨረሻው ጉድለት ታች ያለው ሸክም ተሸካሚ ላይ ወደቀ። አሥራ ስምንት ቀን የሠራበት ቀረ። የቤት ኪራይ ደርሷል፣ የሚበላበት ቤት ዱቤ ከልክሏል። በግንቦት መጨረሻ አንድ ማታ ቁርጥራጭ ብረት በማዳበሪያ ከረጢት ሞልቶ ሲወጣ ዘበኛው ያዘው። ፖሊስ ጣቢያ «ደመወዜን ነው የወሰድኩት» ብሎ ቃሉን ሰጠ። ይህች ዐረፍተ ነገር እስከ መጨረሻው ተከተለችው፤ ለሕጉ መውሰዱን ማመን እንጂ ምክንያቱ ብዙም አይደለም።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። ሁለት ሰዎች አንዱ የሌላውን ገንዘብ ይዘዋል። ኮንትራክተሩ የያዘው 4,500 ነው፤ ይህ የአሠሪና ሠራተኛ ክርክር ይባላል፣ ክስ ጽፈህ፣ የአሠሪውን አድራሻ አጣርተህ፣ መጥሪያ አድርሰህ፣ ቀጠሮ ጠብቀህ የምትሟገትበት። ልጁ የያዘው 3,800 ነው፤ ይህ ደግሞ ስርቆት ነው፣ ያኑ ማታ ካቴና ያስገባል። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ተራ ስርቆት በቀላል እስራት፣ እንደ ሁኔታው ደግሞ እስከ አምስት ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ያስቀጣል። ስርቆት ይፈቀድ እያልኩ አይደለም። ባለጉዳዮቼ ግማሾቹ የተሰረቁ ሰዎች ናቸው። ግን ለድሃው ዕዳ የሚሮጠው ሕግ ለድሃው ደመወዝ ሲሆን በዝግታ ይራመዳል።

በአርባ ስምንት ሰዓት ውስጥ ችሎት ቀረበ። ይህ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 የተጻፈ ነው፣ ተከብሯል። ፖሊስ «ቀሪ ምርመራ አለኝ» ብሎ አሥራ አራት ቀን ጠየቀ፣ ተሰጠው። በሁለተኛው ቀጠሮ ዋስትና ተፈቀደ፤ 8,000 ብር፣ ወይም ደሞዝተኛ ዋስ።

የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ዳኛው የዋስትናውን መጠን ሲወስን ምን ምን ማየት እንዳለበት ይዘረዝራል። የክሱን ክብደት፣ ሰውየው በቀጠሮው የመቅረቡን ነገር፣ ለሕዝብ ጸጥታ ያለውን አደጋ፣ ደግሞም የተከሳሹንና የዋሶቹን አቅም። አቅም የሚለው እዚያው ሕጉ ውስጥ አለ። ግን በዚያ ጠዋት ልጁን ስንት አለህ ብሎ የጠየቀው የለም። መዝገቡ ክምር ነው፣ ዳኛው አንድ ናቸው፣ ውጪ ደርዘን ሰው ተራ ይጠብቃል። 8,000 የተለመደ ቁጥር ነው፣ ለተለመደ ስርቆት። በቀን 250 ለሚያገኝ ሰው ሳይበላ ሳይጠጣ የሠላሳ ሁለት ቀን ሥራ ነው፤ ያውም ከተከፈለው።

በዚያው ሳምንት ደረቅ ቼክ ሰጠ ተብሎ የመጣ ነጋዴ ነበር። የሱ ገንዘብ ከልጁ ብረት ጋር የሚወዳደር አልነበረም። ወንድሙ የመኪና ሊብሬ ይዞ መጣ፣ ከሰዓት በኋላ ቤቱ ገባ። አልፈርድበትም፣ መብቱ ነው። ካርታ ያለው በካርታ፣ ሊብሬ ያለው በሊብሬ፣ የመንግሥት ሠራተኛ ወንድም ያለው በደመወዝ ደብዳቤ ይወጣል። ከደላንታ የመጣ ልጅ ደሴ ላይ የሚያውቀው አብረውት ጠጠር የሚሸከሙትን ነው። እነሱ ደግሞ እንኳን የደመወዝ ደብዳቤ ደመወዙም የላቸውም።

እናቱ ሲሰሙ በአውቶቡስ መጡ። እኔ ጋ ሲደርሱ ከጉያቸው ፌስታል አወጡ፣ ፌስታሉ ውስጥ ሌላ ፌስታል፣ እሱ ውስጥ የመሬት ይዞታ ደብተራቸው፣ ጠርዙ በላብ የረጠበ። ይህንን አስይዘው ልጃቸውን ሊያስፈቱ ነበር። መሬት በአገራችን የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም፤ የገበሬ ደብተር ለችሎት ዋስትና እንደ ከተማ ካርታ አልተቀበሏቸውም።

«አንቱ፣ እንግዲህ በግ ነው ያለኝ። በግ ዋስ ይሆናል?»

«አይሆንም እማማ። ብር ነው የሚሉት።»

«ብር ከየት ይመጣል፣ በጉ እኮ ነው ብሩ።»

ትክክል ናቸው። ደጋ ላይ በግ ባንክ ነው። ግን ባንኩ ወቅት አለው። በመስቀልና በፋሲካ ሰሞን በግህን ትሸጣለህ፣ በሰኔ ግን የምትሸጠው ተገድደህ ነው። በሰኔ ሁሉም ሰው ለዘርና ለማዳበሪያ ገንዘብ ይፈልጋል፣ ጎተራው ባዶ ነው፣ ገበያው በግ ብቻ ይሞላል፣ ገዢው ጥቂት ነው። ከሰባቱ በጎች ሦስቱን ሸጠው ያመጡት 5,400 ብር ነው። መስከረም ቢሆን ኖሮ ሁለቱ በቂ ነበሩ ብለውኛል። ይቺ ልዩነት በየትኛውም የፍርድ ሐተታ ላይ አትጻፍም፣ ግን ቅጣት ናት። ልጁ ገና አልተፈረደበትም፣ ቤተሰቡ ግን መክፈል ጀምሯል።

ዋስትናው ይቀነስልን ብዬ ማመልከቻ ጻፍኩላቸው። የድህነት ማስረጃም ከቀበሌ አመጡ። በዚህ መሀል ክሱ ተመሥርቶ መዝገቡ ወደ ሌላ ችሎት ሄደ፣ ቀጠሮው ሁለት ሳምንት ተገፋ። ሁለት ሳምንት እኔ ቤት ተራ ነገር ነው። ለእሳቸው ግን ደሴ ላይ ማደሪያ ነው፣ ለልጁ ምግብ ነው፣ ተመልሶ ለመምጣት ትራንስፖርት ነው፣ አገር ቤት ደግሞ የእርሻ ጉልበት ስለጎደለ ለአራሽ የሚከፈል ነው። ዳኛዋ ማመልከቻውን አይተው ዋስትናውን ወደ 5,000 ዝቅ አደረጉት። ደግ ሴት ናቸው። ያን ቀን እናትየው እጅ ላይ የቀረው 3,200 ነበር።

ከደሞዝተኛ ዘመድ እንበደር ተባለ፣ አልተገኘም። አራጣ አበዳሪ ነበረ፤ አራጣ ራሱ ወንጀል ነው፣ ግን ማንም የት እንደሚቀመጥ ያውቃል። እናትየው «አይሆንም፣ ልጄ ወጥቶ በሬዬ ይሄዳል» ብለው እምቢ አሉ። እኔም ተበደሩ አላልኩም። ሰኔ አለቀ። ልጁ ማረሚያ ቤት ገባ።

ነገሩን ከሩቅ ለማየት ትንሽ ወደ ኋላ ልሂድ፣ ብዙም አልቆይ። ወሎ እስር ቤት ለማየት ሩቅ መሄድ የለበትም። አምባሰል ውስጥ ያለችው ግሸን እስከ 16ኛው መቶ ዘመን ድረስ የንጉሥ ልጆች ዙፋን እንዳይሻሙ የሚጠበቁባት አምባ ነበረች። መቅደላም እንዲሁ፤ ምኒልክ ራሳቸው እዚያ ተይዘው ኖረው በ1857 ዓ.ም. ነው ያመለጡት፣ ቴዎድሮስ ያሰሯቸው አውሮፓውያንም እዚያው ነበሩ። ልብ በሉ፤ አምባ ላይ የሚታሰረው መስፍን ነው፣ መኳንንት ነው፣ የውጭ መልእክተኛ ነው። ገበሬ ለዓመታት ቀልቦ ማሰር ለማንም አያዋጣም ነበር። ገበሬው ይገረፋል፣ ካሳ ይከፍላል፣ ወይም ቁራኛ ይሆናል። ቁራኛ ማለት ከሳሽና ተከሳሽ፣ ወይም ባለዕዳና አበዳሪ፣ በሰንሰለት ተቆራኝተው ዳኛ ፊት እስኪቀርቡ አብረው የሚውሉበት የሚያድሩበት ሥርዓት ነው። መንግሥት ሳንቲም አያወጣም። ከሰንሰለቱ የሚያድነው ደግሞ ዋስ ነው፤ ዋስ የጠራ ይፈታል፣ ዋስ ያጣ ይቆራኛል። እስከ 1920ዎቹ ድረስ ያዩ ሰዎች ጽፈውታል። ሰንሰለቱ ቀርቷል፣ የዋሱ ነገር ግን ብዙም አልተለወጠም ባይ ነኝ።

በሌላውም ዓለም ቅጣት ኢኮኖሚውን ተከትሎ ነው የሚሄደው። የሰው ጉልበት ሲጠፋ እስረኛ ይፈለጋል። በቅኝ ግዛት ዘመን ኬንያ ውስጥ የጎጆ ግብር ያልከፈለ አፍሪካዊ ይታሰርና መንገድ ይሠራ ነበር፤ እስራቱ ራሱ ሠራተኛ መመልመያ ነበር። ጉልበት ሲተርፍ ደግሞ የእስረኛው እጅ ዋጋ ያጣል፣ እስር ቤት የትርፍ ሰው ማከማቻ ይሆናል። ልጃችን በተያዘ ማግሥት ጠዋት ፎርማኑ በሱ ቦታ ሌላ ሰው አስገባ። አንድ ሰዓት እንኳ ሥራው አልቆመም። የእሱ መታሰር ለደሴ ኢኮኖሚ ምንም አይደለም፣ ለደላንታዋ ቤት ግን ግማሽ ጉልበት ነው።

ድሮ እንግሊዞች የድሃ መጠለያ ሲያሠሩ የያዙት መርህ ነበር፤ ውስጥ ያለው ኑሮ ውጪ ካለው የመጨረሻ ድሃ ኑሮ መብለጥ የለበትም፣ አለዚያ ሰው ወዶ ይገባል የሚል። እስር ቤትም በዚሁ ተለካ። በሀብታም አገር ይህ መለኪያ ቢያንስ ጠገብ ያለ ወለል አለው። እኛ ጋ ግን ውጪ ያለው ሰው ራሱ በቀን አንዴ እየበላ ከሆነ ውስጥ ያለው ምን ሊደርሰው ነው? መልሱን ስንቅ የያዙ እናቶች ሰልፍ ላይ ታገኙታላችሁ።

ማረሚያ ቤት ምግብ አይሰጥም አልልም፣ ይሰጣል። ዳቦ አለ፣ ሻይ አለ፣ ወጥ አለ። ግን ሰው በዚያ ብቻ አይውልም። የከተማው ልጅ እናቱ በሳህን አድርጋ እንጀራ ታመጣለታለች፣ ሳሙና ታመጣለታለች፣ ለስልክ ብር ትሰጠዋለች። የደላንታው ልጅ እናት በወር አንዴ መምጣት ከቻሉ ትልቅ ነገር ነው። ያውም በሶና ጥሬ ይዘው። ስለዚህ ልጁ ውስጥ ሆኖ የሌሎችን ልብስ ያጥባል፣ በምትኩ እንጀራ ይካፈላል። ፍራሽ አልነበረውም፣ ክረምቱን ያሳለፈው የተፈታ እስረኛ ትቶለት በሄደው ምንጣፍ ነው። ሽመና የሚያሠሩ እስረኞች አሉ፣ ክር መግዣ ገንዘብ ያላቸው፤ እነሱ ጋ ገብቶ ክር ሲያጠነጥን ጥቂት ሳንቲም አገኘ። ማለትም እስር ቤትም ውስጥ ባለገንዘብና ቀን ሠራተኛ አለ። ውጪ በነበረበት ደረጃ ገባ፣ በዚያው ቀጠለ። እናትየው አንድ ቀን «ደህና ነው፣ ከስቷል እንጂ» አሉኝ። አብሽሩ አልኳቸው፣ ሌላ ምን ልበል።

መንግሥት ለእስረኛ የሚያወጣው ሲያንስ ቤተሰብ ይሞላዋል። ይሄ ተጽፎ አይገኝም፣ ግን በጀቱ የተሠራው እናቶች ይመጣሉ ተብሎ ነው የሚመስለው። ማሰር ለመንግሥት ርካሽ የሆነው ለዚህ ነው፤ ርካሽ የሆነ ነገር ደግሞ በብዛት ይወሰዳል። ወጪው በግልጽ ሲታይ ምን እንደሚሆን በመጋቢት 2012 አይተናል። ኮሮና ሲመጣ የተጨናነቀ እስር ቤት አደጋ ሆነና የፌዴራል መንግሥት ከ4,000 በላይ እስረኞችን በይቅርታ ለቀቀ። ከነሱ ውስጥ እስከ ሦስት ዓመት የተፈረደባቸውና ከጨቅላ ልጅ ጋር የታሰሩ እናቶች ነበሩ። ቀድሞስ?

ሽማግሌም ሞክረናል። የደላንታ ተወላጆች ደሴ ላይ አሉ፤ ሦስት ሽማግሌዎች ኮንትራክተሩ ጋ ሄዱ። ሰውየው ብዙ አላስቸገረም፣ ብረቱ ተመልሶለታል፣ «ይቅር ብያለሁ» ብሎ ፈረመ። የደመወዙን ነገር ሲያነሱበት ግን «እሱ ሌላ ጉዳይ ነው» አለ። ወረቀቱን ይዘን ዐቃቤ ሕግ ጋ ሄድን፤ ስርቆት በግል አቤቱታ ብቻ የሚያስከስስ ወንጀል ስላልሆነ ይቅርታው ክሱን አያቋርጥም፣ ቅጣት ሲወሰን ማቅለያ ይሆናል ተባልን። እሺ።

እኔ ባደግኩበት በቃሉ አካባቢ አበጋሮች፣ አስታራቂ ሽማግሌዎች ማለት ነው፣ ስንት ደም ያደረቁ ናቸው። እዚያ ሥርዓት ውስጥ ጥፋተኛ ይክሳል፣ ዘመዶቹ ዋስ ይሆናሉ፣ እርሻው ግን አይቆምም፣ ተበዳዩም ባዶ እጁን አይሄድም። እስራት ለተበዳይ ምን ይሰጠዋል? ምንም። ሽማግሌን ግን ቅዱስ አላደርግም። ካሳው ከዘመድ ሲሰበሰብ ዘመድ የሌለው ሰው እዚያም ይጎዳል፣ ሴት ስትበደል ደግሞ ሽማግሌዎቹ ማንን ለማስታረቅ እንደሚቸኩሉ ሁላችንም እናውቃለን።

ስለ መቀጮም ልበል፣ ብዙ ሰው «ለምን በገንዘብ አይቀጣም ነበር?» ይለኛልና። የወንጀል ሕጉ ሲወጣ ለግለሰብ መደበኛው መቀጮ ከ10 እስከ 10,000 ብር ተብሎ ተጻፈ፤ ለጥቅም ተብሎ ለሚሠራ ወንጀል ከዚያ በላይ መሄድ ይቻላል። ያኔ አንድ ዶላር ስምንት ብር ከምናምን ነበር፤ ጣሪያው ከ1,100 ዶላር በላይ ማለት ነው። በሐምሌ 2016 ብር በገበያ ይመራ ከተባለ ወዲህ ዶላር ከመቶ ብር አልፏል፣ ያው ጣሪያ መቶ ዶላር አይሞላም። ለባለሀብት የምሳ ግብዣ ሆኗል። ዳኛ ይህንን ሲያይ «ይህ አያስተምርም» ብሎ ወደ እስራት ቢያዘነብል አይገርምም። ለልጃችን ደግሞ ያው ገንዘብ ዛሬም ተራራ ነው፤ ያልከፈለ በጉልበት ሥራ ይለወጥበታል። የኑሮ ውድነት ለሀብታሙ ቅጣቱን ሲያቀልለት ለድሃው አላቀለለም። ሕጉ ዳኛው የተቀጪውን ገቢና የቤተሰብ ኃላፊነት እንዲያይ ያዛል፣ ግን የማየቱ ነገር እንደ ዋስትናው ነው።

ከዚህ የባሰም ነበር። ልጁ ሲያዝ አንዱ መርማሪ «ቦዘኔ ነው» የሚል ነገር አንስቶ ነበር። የአደገኛ ቦዘኔነት መቆጣጠሪያ አዋጅ ቁጥር 384/1996 አለ፤ መሥራት እየቻለ የታወቀ መተዳደሪያ የሌለው ሰው አዋጁ ከዘረዘራቸው ድርጊቶች አንዱን ሲያደርግ ከተገኘ በዚህ ይከሰሳል፣ ዋስትናም ይከለከላል። ሥራ የሌለው ወጣት በበዛበት አገር መተዳደሪያ ማጣት ወደ ካቴና ሲያስጠጋ ምን ይባላል? በማላዊ ተመሳሳይ የእንግሊዝ ዘመን ሕግ ነበር። አንድ የመንገድ ላይ ፌስታል ሻጭ በዚያ ተይዞ ተከራከረ፣ ከፍተኛው ፍርድ ቤትም በ2017 በፈረንጆች አቆጣጠር ድንጋጌውን ሕገ መንግሥት ይጥሳል ብሎ ሻረው። በ2020 ደግሞ የአፍሪካ የሰብዓዊና የሕዝቦች መብቶች ፍርድ ቤት እንደዚህ ያሉ ሕጎች ከአፍሪካ ቻርተር ጋር አይሄዱም ብሎ አስተያየት ሰጠ። የእኛው አዋጅ በልጁ ላይ አልተጠቀሰም፣ ተመስገን።

የዋስትናው ጣጣም የኛ ብቻ አይደለም። ህንድ ውስጥ ከአራት እስረኞች ሦስቱ ገደማ ገና ያልተፈረደባቸው ናቸው። በፈረንጆቹ 1979 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ቢሃር ውስጥ ጥፋተኛ ቢባሉ ኖሮ ከሚታሰሩት በላይ ፍርድ ሲጠብቁ የታሰሩ ድሆችን ጉዳይ አይቶ ፈጣን ፍርድ መብት ነው አለ። አዲሱ ሕጋቸው ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ የተከሰሰ ሰው ከወንጀሉ ከፍተኛ ቅጣት አንድ ሦስተኛውን በእስር ከቆየ እንዲለቀቅ ያዛል። ማላዊም ከፈረንጆቹ 2000 ጀምሮ ጠበቃ ያልሆኑ የሠለጠኑ የሕግ ረዳቶችን እስር ቤት ውስጥ አስገብታ እስረኛው ራሱ ዋስትና እንዴት እንደሚጠይቅ እንዲማር አደረገች። ውድ ነገር አይደለም። የኔ ቢጤ ራፖር ጸሐፊ ሁለት ሦስቱን ግቢው ውስጥ አስቀምጦ እንደመክፈል ነው። ለራሴ ሥራ መፈለጌ አይደለም፣ ደጅ ላይም ይበቃኛል።

ወደ ልጁ ልመለስ። ሐምሌ ላይ ምስክር ሊሰማ ተቀጠረ፤ ዋናው ምስክር ዘበኛው ነበር። ዘበኛውም ደመወዝ ሲዘገይበት ሥራውን ትቶ ወደ ኮምቦልቻ ሄዷል፣ መጥሪያ አልደረሰውም። ከዚያ የክረምት እረፍት መጣ። ተረኛ ችሎት አለ፣ ግን እንዲህ ያለ መዝገብ ምስክር ለመስማት አይቸኮልለትም። ጥቅምት ተቀጠረ። ተከላካይ ጠበቃ ተመድቦለታል፣ በሕገ መንግሥቱ መብቱ ነው፤ ጠበቃው ጨዋ ሰው ናቸው፣ መዝገባቸው ግን ከዳኛው መዝገብ ይበልጣል። እንደምንም አግኝተውት መከሩት። ክደህ ብትከራከር ምናልባት በማስረጃ እጥረት ነጻ ትወጣለህ፣ ግን ምስክሩ እስኪገኝ ትቆያለህ። ብታምን የታሰርከው ይታሰብልሃል፣ ቶሎ ትወጣለህ።

ዋስ ያለው ሰው ይህ ጥያቄ አይቀርብለትም። ቤቱ እየተኛ ይከራከራል። ያ የደረቅ ቼኩ ነጋዴ እስከዚያ ድረስ በጠበቃ እየተከራከረ ነበር። ልጁ ግን የሚመርጠው በጥፋተኛነትና በነጻነት መካከል አልነበረም፣ በአገር ቤት አጨዳና በሌላ ሦስት ወር መካከል ነበር። ገብሱ ደርሷል፣ እህቶቹ ልጆች ናቸው። አመነ።

ስድስት ወር ቀላል እስራት ተፈረደበት፣ ማመኑ፣ ሪከርድ የሌለው መሆኑና የኮንትራክተሩ ይቅርታ ተይዞለት። ጠበቃው ገደብ፣ ማለትም ቅጣቱ ሳይፈጸም እንዲቆይ፣ ጠይቀው ነበር፤ ለገደብም ዳኛ ዋስ ሊጠይቅ ይችላልና እሱ ላይ ነገሩ ቆመ። የታሰረው ተቆጥሮለት በኅዳር የመጨረሻ ሳምንት ወጣ። ገብሱን ጎረቤት አጭዶ ወስዷል፤ ለእኩል፣ ግማሹን ለአጫጁ ማለት ነው። ከሰባቱ በጎች ሁለት ቀርተዋል። ታላቋ እህቱ ትምህርት አቋርጣ ባቲ አንድ ቤት ሠራተኛ ሆና ገብታለች። እሱ ራሱ በሕጋዊ መንገድ ሳዑዲ ልሂድ ቢል ከወንጀል ነጻ የሚል ማስረጃ ይጠይቁታል፣ አሁን የለውም። የቀረው በባቲ አድርጎ፣ አፋርን አቋርጦ፣ በጅቡቲ በኩል የሚሄደው የደላላ መንገድ ነው። እንዳይሄድ እናትየው እያለቀሱ ለምነውታል፤ እስከማውቀው አልሄደም።

ከወጣ በኋላ እኔ ጋ መጣ። የመጣው ስለ እስራቱ ሊያወራ አልነበረም፣ ስለዚያች 4,500 ብር ነው። ክስ ጻፍኩለት። አብረውት የሠሩ ሁለት ልጆች ሊመሰክሩለት ተስማሙ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የደመወዝ ጥያቄ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በስድስት ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል ይላል። ክፍያው መሰጠት የነበረበት በግንቦት አጋማሽ ነው። የኮንትራክተሩ ጠበቃ መልሳቸውን በአንድ ገጽ ጽፈው አቀረቡ። ሠርቷል አልሠራም የሚል ክርክር ውስጥ አልገቡም፤ ከሳሽ ክሱን ያቀረበው ስድስት ወር ካለፈ በኋላ ስለሆነ መዝገቡ ይዘጋልን አሉ፣ ተዘጋ።